ልጄ ፓርኩር ይሠራል፤ ጉልበቱ አብጧል፤ ልከልክለው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የ14 ዓመት ወንድ ልጄ ከአንድ ዓመት ወዲህ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ፓርኩር የሚሉትን ስፖርት ይሠራል። አጥር ይዘላል፣ ከደረጃ ደረጃ ይወረወራል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል። ሁለት ወር ይሆነዋል፣ ከሁለቱም ጉልበቶቹ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት አበጥ ብሏል፤ ሲነኩት ያመዋል፣ በተለይ ቀኙን። አባቱ ወጌሻ ይየው ይላል። ልጁ ደግሞ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ከተገዛልኝ ይተወኛል ባይ ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሲጮህበት ደንግጦ ከአጥር ዘሎ እጁ ተፋፍቆ መጣ። ጨርሼ ልከልክለው ወይስ ልተወው? እናት ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄዎ ጉልበቱን፣ ወጌሻውን፣ ጫማውንና ጥበቃውን በአንድ ላይ ይዟል። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እብጠቱ ሳይሆን በመጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ሽሽት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ጉልበቱ ልንገርዎት፤ ለመጻፍ ያነሣሣዎት እርሱ ነውና።

ከጉልበት ሎሚ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ በቅልጥም አጥንት ፊት ላይ አንዲት ጉብታ አለች። ትልልቆቹ የፊት ጭን ጡንቻዎች ተሰባስበው፣ በጉልበት ሎሚ ላይ አልፈው፣ በአንድ ጠንካራ ጅማት የሚታሰሩት በዚህች ጉብታ ላይ ነው። በአዋቂ ሰው ጉብታዋ ደርቃ ከቅልጥሙ ጋር አንድ አጥንት ሆናለች፤ ቁመቱ ገና በመርዘም ላይ ባለ ልጅ ግን ከፊሏ ልም አጥንት ናት። ልጁ በዘለለና ከዝላይ ባረፈ ቁጥር ጅማቱ ይህችን ያልጠናች ቦታ ይጎትታታል፤ መጎተቱ ከበዛ ትቆጣለች፣ ታብጣለች፣ ሲነኳትም ታማለች። በሕክምና ይህ ኦዝጉድ ሽላተር ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ክፉ በሽታ አይደለም፤ በ1903 በቦስተንና በዙሪክ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ስለገለጹት በስማቸው ተጠራ። ኳስ ተጫዋች ልጆችም፣ ሯጮችም፣ ጂምናስቲክ የሚሠሩም ያገኛቸዋል፤ በመሆኑም ለልጅዎ ሕመም ተጠያቂው የዝላዩ ብዛት እንጂ ፓርኩር የሚለው ስም አይደለም። ሳላየው እርግጠኛ ልሆን አልችልም፤ ሆኖም ዕድሜውም፣ ቦታውም፣ በሁለቱም እግር መሆኑም ወደዚሁ ያመለክታሉ።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ አጥንቱ እድገቱን ሲጨርስ አብሮ ያበቃል፤ ጉብታው ግን ሳያም ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። እስከዚያ ድረስ ልጁ አልጋ ላይ መዋል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ዝላዩን መቁጠር ነው። በሳምንት አምስት ቀን ይዘል ከነበረ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ዝቅ ያድርገው፤ በመካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ። በልምምዱ ጊዜ የሚሰማው ሕመም ከአሥር ነጥብ ስጠው ሲባል ሦስት ያህል ከሆነና በማግሥቱ ጠዋት ከጠፋ መቀጠል ይችላል፤ ካነከሰ ወይም ሕመሙ ካደረ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ከልምምድ በኋላ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለ15 ደቂቃ ያህል ይያዝበት። የፊት ጭኑን ጡንቻ በየቀኑ ያሳስብ፤ ቆሞ ተረከዙን በእጁ ወደ መቀመጫው በመሳብ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆይ። በጾም ስግደት የሚያበዛ ልጅ ከሆነ ጉልበቱ ሥር ወፍራም ነገር ይነጠፍለት፤ መንበርከክ ይህን ሕመም ያባብሰዋል። የሕመም ማስታገሻ ለጥቂት ቀናት ከምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ማስታገሻ ውጦ መዝለል ግን አይገባም፤ ሕመሙ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ማፈን ይሆናልና። በጉብታው ላይ መርፌ ልውጋው የሚል ቢያጋጥምዎት አይቀበሉ።

ከዚህ የተለየ ነገር ካዩ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ወይም ጉብታው ብቻ ሳይሆን ጉልበቱ በሙሉ ማበጡ የኦዝጉድ ሽላተር ጠባይ አይደለም። አንድ ዝላይ ላይ ድንገት ከባድ ሕመም ተሰምቶት እግሩን ዘርግቶ ማንሣት ካቃተው ጉብታዋ ተገንጥላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዚያው ቀን የሚታይ ጉዳት ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ የሚል ልጅ ችግሩ ዳሌው ላይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ሲንሸራተት ሕመሙ ጉልበት ላይ ይሰማል። ስለዚህ ልጁ እያነከሰ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ የሚራመድ ከሆነ ሐኪሙ ዳሌውንም እንዲመረምርለት ይጠይቁ። እኛም በሥራ ብዛት የምንዘነጋው ነገር ነውና ማስታወስዎን እንደ ድፍረት አይቁጠሩት።

ወጌሻን በተመለከተ ለባለቤትዎ የምነግራቸው አጭር ነው። ይህች ጉብታ አልወለቀችም፤ ስለዚህ የምትመለስበት ቦታ የለም። መታሸት የተቆጣውን ቦታ ይበልጥ ያስቆጣዋል። ከዚህም በላይ፣ አጥንት በተሰበረ ጊዜ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ መታሰር ደም ወደ እጅና እግር እንዳይደርስ ከልክሎ ለመቆረጥ የዳረጋቸው ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች እንግዳ አይደሉም። ማንም ያሰረው ቢሆን፣ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ ይፈታ፤ ልጁም ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ልከልክለው ወይ ላሉት፣ እኔ አልከለክለውም። ፓርኩር የዱርዬ ጨዋታ ይመስላል፤ አመጣጡ ግን ከነፍስ አድን ሥራ ነው። ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዦርዥ ኤቤር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰው በሩጫ፣ በመዝለል፣ በመውጣትና በሚዛን መጠበቅ እንዲሠለጥን ያዘጋጀው ዘዴ መነሻው ሆነ፤ ትምህርቱም ሰው ጠንካራ የሚሆነው ለሌላው እንዲጠቅም ነው የሚል ነበር። በፓሪስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረው ሬሞን ቤል ከወታደራዊ የመሰናክል ልምምድ ያገኘውን ለልጁ ለዳቪድ አስተላለፈ፤ ዳቪድና ጓደኞቹም ከፓሪስ በስተደቡብ ባለችው ሊስ በምትባል ከተማ ስፖርቱን ለዛሬው መልኩ አበቁት። ብሪታንያ በ2017 እንደ ስፖርት እውቅና ሰጥታዋለች፤ የዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን የመጀመሪያው የፓርኩር ዓለም ሻምፒዮናም በ2022 በቶኪዮ ተካሂዷል። ይህን የምነግርዎት ልጅዎ ቢከለከል እንደማይተወው ስለማውቅም ጭምር ነው፤ የሚሆነው ከዓይንዎ መራቁ ብቻ ነው።

ነገር ግን የሚሠራው ፓርኩር ይሁን ወይስ በስልክ የሚቀረጽ ድፍረት፣ ይህን ይለዩ። በሚገባ የሠለጠነ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ከመዝለሉ በፊት ለወራት መሬት ላይ ይሠራል። መጀመሪያ የሚማረው ማረፍ ነው፤ ማረፍን ያልተማረ መዝለልን አልተማረም። ሲያርፍ በፊተኛው የእግሩ መዳፍ ነክቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሰደድ አድርጎ ነው፤ ጉልበቶቹ ወደ ጣቶቹ አቅጣጫ መሄድ አለባቸው እንጂ ወደ ውስጥ ተጠግተው መጋጨት የለባቸውም። ቤት ውስጥ የሚፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ። ከአንድ ደረጃ ላይ እንዲወርድ ያድርጉትና ጀርባዎን ሰጥተው ያድምጡ፤ ድምፁ ከተሰማ ኃይሉን የተቀበለው አጥንቱ ነው፤ ድመት እንዳረፈች ዝም ካለ ግን ጡንቻው ተቀብሎታል። አንዱን ደረጃ ደጋግሞ በጸጥታ ሳያርፍ ወደ ሁለተኛው አይለፍ፤ ጉልበቱ እስኪሻለው ድረስ ደግሞ ከጉልበቱ ቁመት በላይ ከሆነ ቦታ ባይዘል እመርጣለሁ። መንከባለልንም በሣር ላይ ይልመድ፤ የሚንከባለለው ከአንዱ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ዳሌ በሰያፍ እንጂ በአከርካሪው ላይ ቀጥ ብሎ መሆን የለበትም። በጉብታው ምክንያት ዝላይ በሚቀንስባቸው ሳምንታት እጁንና ሆዱን ያጠንክር፣ በብረት ላይ ይንጠልጠል፣ ሚዛኑን በመንገድ ጠርዝ ላይ ይለማመድ፤ እነዚህ ጉልበቱን ሳይነኩ የፓርኩር ግማሹ ናቸው።

ጫማውን በተመለከተ ልጅዎ ተሳስቷል፤ ብዙ አዋቂዎችም ይሳሳታሉ። ወፍራምና እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ሶል መሬቱን እንዳይሰማው ያደርገዋል፤ ከፍ ስለሚያደርገውም ቁርጭምጭሚቱ በቀላሉ ይጠመዘዛል። የሚፈለገው ቀለል ያለ፣ በእጅ ሲታጠፍ ከጣቶቹ ሥር የሚታጠፍ፣ ሶሉ ከጫፍ እስከ ተረከዝ አንድ ወጥ ጎማ የሆነ፣ በእግሩ መካከል የሚያንሸራትት ጠንካራ ፕላስቲክ የሌለበት ስኒከር ነው። ሳልባጅም ቢሆን ችግር የለውም፤ ሶሉ ያልተላጠ፣ ያልተላቀቀና ልኩ የሆነ ይሁን። ያድጋል ተብሎ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ መግዛት ለትምህርት ቤት ያስኬድ ይሆናል፤ ለግንብ ግን አያስኬድም። ታኬታ ፈጽሞ አይሆንም። በክረምት ደግሞ እርጥብ ብረትና እርጥብ እምነ በረድ ላይ የሚያስተማምን ጫማ ስለሌለ፣ ዝናብ የጣለ ቀን ልምምዱ ሣር ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ሽሽቱ ልመለስ። በሥራዬ ያየኋቸው ከባድ የዝላይ ጉዳቶች ልጁ አስቦበት፣ አይቶት፣ ለክቶት ከዘለለው አይመጡም፤ የሚመጡት ካላሰበው ዝላይ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል። ዘበኛ ሲጠራው ማዶው ምን እንዳለ ሳያይ ከግንብ ዘልሎ በሁለቱም ተረከዙ ጠጠር ላይ አረፈ። ተረከዙ ተሰብሮ ነበር፤ የወገቡ አጥንትም እንዲሁ። ከከፍታ ወድቆ ተረከዙ ከሚሰበር ሰው ከአሥር አንዱ ገደማ የወገብ ስብራትም ይገኝበታል፤ ስለዚህ ተረከዜን ያለን ሁሉ ወገቡን እንዳስሰዋለን። ዘበኛው ግን ሊያስወጣው እንጂ ሊመታው አልፈለገም ነበር።

ስለዚህ ለልጅዎ የመጀመሪያው የደኅንነት ሥልጠና ይህ ይሁን፤ ጥበቃ ወይም ፖሊስ ሲጠራው ይቁም፣ ከግንቡ በመጣበት በኩል ቀስ ብሎ ይውረድ፣ ሰላምታ ይስጥ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሂድ ሲባልም ይሂድ። ጋሼ ብሎ የሚጠራ ልጅና ሮጦ የሚጠፋ ልጅ በዘበኛ ዓይን አንድ አይደሉም። የትምህርት ቤት መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ይኑር። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በኤምባሲዎች አካባቢ አይዝለል፣ ስልክም አያውጣ። ግንባታው ያላለቀ ሕንፃ፣ የባቡር ሐዲድና የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ጥበቃ ባይኖራቸውም ክልክል ይሁኑ፤ አጠናው ሊላቀቅ፣ ብሎኬቱ ሊነቀል፣ ሽቦው ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የአዲስ አበባ አጥር ላይ ደግሞ የጠርሙስ ስባሪ የሚተከል መሆኑን ፓሪሶች አያውቁትም፤ እጁ በተፋፋቀ ጊዜ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ካርድ አይተው ነበር? ካልተሟላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ያሟላ።

ከከልካይ ይልቅ ፈቃጅ ቢፈልጉለት ይሻላል። የትምህርት ቤቱን የስፖርት መምህር ወይም የወረዳውን ወጣት ማዕከል እርስዎ ራስዎ ሄደው ያነጋግሩ፤ አንድ ግቢ፣ የተወሰነ ሰዓትና የሚመለከታቸው አንድ አዋቂ ይበቃል። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴም ቢሆን ልጆቹ ሳይሆኑ ወላጆች ሲጠይቁት ይሰማል። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሲነጋ የሚሮጠውን ሕዝብ ማንም አያባርርም፤ ስፖርት መሆኑ ታውቋልና።

ከወደቀም እንዳይደብቅ አስቀድመው ቃል ይግቡለት። ልጆች ዘግይተው የሚመጡት ቁጣ ፈርተው ነው፤ ሐኪም ከየት ከፍታ ወደቅህ ብሎ የሚጠይቀውም ሊከስሰው ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዞ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። በእጁ ተደግፎ ወድቆ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ በእጅ አንጓው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ካመመው ደግሞ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገም፤ ያች ትንሽ አጥንት ስብራቷን ትደብቃለች። ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከደነገዘ ወይም ንግግሩ ከተደነቃቀፈ አይጠብቁ። አንገቱን ወይም ወገቡን ካመመው ጓደኞቹ አያንሡት፤ አምቡላንስ በ907 ይጥሩ፤ ይህን ቁጥር ሁሉም ልጆች ስልካቸው ላይ ይመዝግቡት።

ጉልበቱን እንዳልኩዎት ለስድስት ሳምንት ይያዙትና ካልቀነሰለት ወደ አጥንት ሐኪም ይውሰዱት። ሲመጡ ጫማውንም ይዘው ይምጡ፤ የሶሉ አበላል አረማመዱን ይነግረናል።