ወረቀት ሳይኖር ሐኪም መሆን፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆች በክፍያና በስኮላርሺፕ ጉዳይ ማማከር ሥራዬ ነው። ወረቀት (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላቸው ልጆች፣ በተለይ ሜዲሲን የሚመኙት፣ ኮሌጅ እንዴት ይከፍላሉ የሚል ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ስለ ኢሚግሬሽን ኬዝ የምለውን ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ 12ኛ ክፍል ነኝ። ልጅ ሆኜ በቪዛ መጥተን ቪዛው አለፈብን። ካውንስለሬ ፋፍሳ ሙላ እያለችኝ ነው። ልሙላ?

መልስ፦ አይ፣ ተወው ወንድሜ። ፋፍሳ የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ነው። ወረቀት የሌለው ተማሪ ፔል ግራንትም (የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ) የፌዴራል ብድርም አያገኝም፣ ስለዚህ መረጃህን ሰጥተህ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው። ካውንስለርህ ለሁሉም ልጅ የምትለውን ነው የምትልህ፣ አትፍረድባት። አንተን የሚመለከተው የስቴቱ የራሱ ማመልከቻ ነው። ሜሪላንድ እንዳንተ ያሉ ልጆች እንደ ነዋሪ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን ሕግ በ2011 አወጣች፣ በ2012 ደግሞ ሕዝቡ በድምፁ አጸደቀው። እዚያው ሃይስኩል ተምረህ ከጨረስክና ቤተሰብህ ታክስ የሚያስገባ ከሆነ እንደ ስቴቱ ነዋሪ የመክፈል ዕድል አለህ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለነዋሪ በዓመት ወደ 12 ሺህ ዶላር ሲሆን ከሌላ ስቴት ለመጣ ከ40 ሺህ ያልፋል፣ ያውም ምግብና ማደሪያ ሳይጨመር። የወላጆችህን የታክስ ወረቀትና ትራንስክሪፕትህን ከአሁኑ ሰብስብ። 18 ሲሞላህ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ (ለውትድርና ጥሪ የሚያዘው የወንዶች መዝገብ) ላይ መመዝገብህንም ይጠይቁሃል፣ ወንዶች ይህን ይረሱታል።

ጥያቄ፦ የኮሌጁ ቅጽ ላይ “ሲቲዝን” የሚለውን ብነካውስ? ማን ያጣራል?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርጊው! ዛሬ ከምጽፈው አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት እድሜ ልክ ግሪን ካርድ ሊያስከለክል የሚችል ጥፋት ነው። ነገ የአሜሪካ ዜጋ ብታገቢ እንኳ ይከተልሻል። ቅጹ ላይ “ሌላ” ወይም “የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ” የሚል ምርጫ ፈልጊ። የሶሻል ሴኩሪቲውን ቦታ ባዶውን ተይው። ዘጠኝ ዜሮ አይደረደርበትም፣ የአክስትሽ ቁጥር አይገባበትም፣ የአይቲን ቁጥርም (ሶሻል የሌለው ሰው ታክስ የሚያስገባበት) እዚያ ቦታው አይደለም። ኦንላይን ቅጹ ባዶ አላሳልፍ ካለሽ ወደ አድሚሽን ቢሮው ደውይ፤ ስምሽን ሳትናገሪ “ሶሻል የሌለው ተማሪ እንዴት ነው የሚሞላው?” ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው አትላንታ ነው። ቴክሳስ ዘመድ አለን፣ እዚያ ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ አሁን አይሻልም። ቴክሳስ በ2001 ለእነዚህ ልጆች በር የከፈተች የመጀመሪያዋ ስቴት ነበረች። ነገር ግን በ2025 ሰኔ የፌዴራሉ መንግሥት ከሰሳት፣ ስቴቷም ሳትከራከር እሺ አለች፣ ሕጉ በዚያው ቀን ቆመ። ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት የራሷን አነሳች። ያላችሁባት ጆርጂያ ደግሞ እንደምታውቁት ከባድ ናት፤ የነዋሪ ዋጋ አትሰጥም፣ ትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ወረቀት የሌለውን አይቀበሉም። በሩ ክፍት ከሆነባቸው መካከል የእኛ ሰው የሚበዛባቸው ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ሜሪላንድ ናቸው። ቨርጂኒያም በ2020 የነዋሪ ዋጋ፣ በ2022 የስቴት እርዳታ ፈቅዳለች። ከእነዚህም የተከሰሱ ስላሉ በየሴሚስተሩ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ስቴት ስትቀይሩ ደግሞ አዲሱ ስቴት የሃይስኩል ቆይታ ሊጠይቅ ይችላል፤ ካሊፎርኒያ ሦስት ዓመት ትላለች። ልጁ 12ኛ ክፍል ደርሶ መንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው፣ ወረቀት የሌለኝ እኔ ነኝ። እሷ ፋፍሳ ብትሞላ በእኔ ላይ ይመጣብኝ ይሆን?

መልስ፦ እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ልጅዎ ዜጋ ናት፣ ገንዘቡ መብቷ ነው። ሶሻል የሌለው ወላጅም አካውንት ከፍቶ የራሱን ክፍል መሙላት ይችላል። ነገር ግን ስምዎና አድራሻዎ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት እንደሚደርስ አውቀው ይግቡበት። በአይቲን ታክስ የሚያስገቡ ወይም ኬዝ የከፈቱ ከሆነ አድራሻዎ ድሮም እዚያው አለ። እስከ ዛሬ ከመንግሥት ጋር ምንም ዓይነት ወረቀት ተለዋውጠው የማያውቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ። የእኔን ቃል ብቻ ይዘው እንዳይወስኑ።

ጥያቄ፦ ዳካ ላመልክት? አንድ ሰው 1,500 ዶላር አምጣና ላስጨርስልህ እያለኝ ነው።

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። ዳካ በልጅነታቸው ለመጡ ልጆች ከመባረር ጊዜያዊ ከለላና የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ የሚመለከተውም ከ2007 ሰኔ 15 በፊት አሜሪካ ገብቶ የኖረን ልጅ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ያን ቀን ገና አልተወለዱም! ከ2021 የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ደግሞ ቀኑ የሚደርስላቸው ልጆች አዲስ ማመልከቻም መጽደቁ ቆሟል፤ የሚታደሰው የነባሮቹ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ጥገኝነት ጠይቆ ኬዙ ለዓመታት ተንጠልጥሏል። እኔም በእሱ ስር ነኝ፣ ወርክ ፐርሚትና ሶሻል አለኝ። ፋፍሳ?

መልስ፦ ገና ነው። ሶሻል መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ጥገኝነቱ መጽደቅ አለበት። ሲጸድቅ ግን አባትሽ ሲያመለክት 21 ያልሞላሽና እስካሁን ያላገባሽ ከሆንሽ አንቺም አብረሽ ታገኛለሽ፣ ያን ቀን ፋፍሳው ይከፈታል። እስከዚያ በስቴት እርዳታና በግል ስኮላርሺፕ ግፊ። ወርክ ፐርሚትሽን ደግሞ አትናቂው፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሜዲካል ስኩሉ ራሱ ይቀበለኛል? ገንዘቡስ ከየት?

መልስ፦ እዚህ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሜዲካል ስኩል፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሠለጥኑበት) ነው። ለኮሌጁ ማርክህ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ የስቴት ዋጋ ላይ ብቻ አትንጠልጠል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ተማሪ ሲቀበሉ መክፈል መቻሉን አያዩም፣ የጎደለውንም ከራሳቸው ገንዘብ ይሞላሉ፣ ዜግነት ሳይለዩ። ኩዌስትብሪጅ የሚባለው የስኮላርሺፕ ፕሮግራምም እዚህ ሃይስኩል ለሚማር ወረቀት ለሌለው ልጅ ክፍት ነው። ለመንግሥት ኮሌጆች ዘድሪም ዩኤስ የሚባለው ስኮላርሺፕ ለእንደ እናንተ ዓይነት ልጆች ተብሎ የተቋቋመ ነው።

ሜዲካል ስኩልን በተመለከተ ቺካጎ ያለው የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ስትሪች ሜዲካል ስኩል ዳካ ያላቸውን እንደሚቀበል በይፋ በማስታወቅ የመጀመሪያው ሆነ፣ ተማሪዎቹም በ2014 ገቡ። ብዙዎች ተከትለውታል። ግን ዳካ ያለውን መቀበልና ምንም የሌለውን መቀበል ለየቅል ነው። የሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር ኤምሳር የሚባል የትምህርት ቤቶች ዝርዝር አለው፤ እዚያ አይተህ ለየትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፍ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። የፌዴራል ብድር የለህም፣ የግል አበዳሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ፈራሚ ይፈልጋል። ስለዚህ ትምህርት የማያስከፍሉትን አስቀድም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ግሮስማን ሜዲካል ስኩል ከ2018፣ አልበርት አንስታይን የሚባለው ሜዲካል ስኩል ከ2024 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ የላቸውም። ጆንስ ሆፕኪንስም ከ2024 ጀምሮ የቤተሰብ ገቢው ከ300 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ተማሪ እንዲሁ ነው። ወረቀት ለሌለው ይሠራ እንደሆነ ከራሳቸው ጠይቅ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሬዚደንሲ ነው። ሬዚደንሲ ሥራ ነው፣ ደሞዝ አለው፣ ስለዚህ የሥራ ፈቃድ (ወርክ ፐርሚት) ይጠይቃል። 4.0 ጂፒኤ ይሄን በር አይከፍተውም። ልጆች ለሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው ለኤምካት ሁለት ዓመት ይዘጋጃሉ፣ ለወረቀታቸው ግን አንድ ቀን ጠበቃ ፊት ሳይቀመጡ 21 ዓመት ያልፋቸዋል፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ለምሳሌ አንድ ወላጁ የሞተበት፣ የበደለው ወይም ጥሎት የሄደ ያላገባ ልጅ ስፔሻል ኢሚግራንት ጁቨናይል በሚባለው መንገድ ወደ ግሪን ካርድ መሄድ ይችል ይሆናል። ማመልከት ያለበት 21 ሳይሞላው ነው፣ በአንዳንድ ስቴቶች ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የሚያየው እስከ 18 ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ ማመልከቻ።

ጥያቄ፦ ተስፋ ቆርጬ ኢትዮጵያ ሄጄ ጥቁር አንበሳ ብማርና ብመለስስ? 20 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ መሄዱን ትችላለህ፣ መመለሱ ነው ችግሩ። ከ18 ዓመትህ በኋላ ያለ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ኖረህ ከወጣህ 10 ዓመት ትታገዳለህ፤ ከ180 ቀን በላይ ከሆነ ደግሞ 3 ዓመት። የካሪቢያን ሜዲካል ስኩሎችም ያው ናቸው። ቲኬት ሳትቆርጥ ቀንህን ከጠበቃ ጋር ቁጠር።

ጥያቄ፦ እኛ የማኅበር ሰዎች ነን፣ በየዓመቱ ለልጆች ስኮላርሺፕ እንሰጣለን። ምን እናግዝ?

መልስ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ማመልከቻችሁ ላይ “ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው” የሚል መስመር ካለ አውጡት። ከሌላ ቅጽ ተገልብጦ የገባ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ ማንም አስቦበት አይደለም። 500 ዶላር ለአንድ ልጅ የሴሚስተር መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ ወርክ ፐርሚት የለኝም። ሆስፒታል ሳልሠራ ልምድ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ በነፃ አገልግይ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ለበጎ ፈቃደኛም የጀርባ ማጣሪያ ብለው ሶሻል ሊጠይቁ ስለሚችሉ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰዎች በነፃ የሚያክሙ ትንንሽ ክሊኒኮችን ሞክሪ፣ እነሱ ረጋ ብለው ያነጋግሩሻል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ አማርኛ የሚችል ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። እናቶች የስኳር መድኃኒታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ መቼ እንደሚወስዱት ግን በእንግሊዝኛ ነው የተነገራቸው። የሐኪሙን ቃል በትክክል ለማድረስ ግን የሕክምና አስተርጓሚነት አጭር ኮርስ ውሰጂ፣ ያለ ሥልጠና መድኃኒት መተርጎም አደጋ አለው። የሠራሽበትን ሰዓትና ያገኘሽውን የሐኪም ስም በደብተር መዝግቢ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቂ ያስፈልግሻል።