መጀመሪያ ሦስት ብቻ ሥሩ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከዳንግላ፦ «ቀርከሃ በአካባቢዬ ሞልቷል። አግዳሚ እንጨት ያለው የሽግግር ቀፎ (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለውን) ከቀርከሃና ከጭቃ ሠርቼ ለመሸጥ አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር?»

ከአግዳሚዎቹ፣ ማለትም ከላይ ተደርድረው ንቧ የማር እንጀራዋን ከምታንጠለጥልባቸው እንጨቶች ጀምር። የቀፎው ገላ በጭቃና በእበት ተመርጎ ትንሽ ቢንጋደድም ንብ ትኖርበታለች፤ አግዳሚው ግን ስህተት አይችልም። ለአገራችን ንብ የአንዱ ወርድ 32 ሚሊ ሜትር ነው። 28ቱ ሲደረደሩ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሞላሉ፤ የቀፎው ርዝመትም ያው ነው። አንዱ 30፣ ሌላው 35 ከሆነ ንቧ የማር እንጀራውን ከአንዱ ወደ ሌላው አጋድማ ትሠራዋለች። ያን ጊዜ አንዱን ስታነሣ ሦስቱ ይቀደዳል፣ የንቧ እጭ ይፈሳል፤ የገዛህም ሰው ወደ ባህላዊ ቀፎው ይመለሳል። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚቀረው እንዲህ ባለ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ያሳዝናል።

ስለዚህ 32 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው መለኪያ ከጠንካራ እንጨት ሥራ። አላልፍ ያለውን ላገው፣ ሰፍቶት የሚወዛወዘውን ጣለው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር አስቀድሞ ይድረቅ። የቀፎው ጎኖች ከወለሉ ጋር 120 ዲግሪ ይሁኑ፤ ንብ በተዳፋት ግድግዳ ላይ እንጀራ ብዙም አታጣብቅም። ከእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር፣ መሃል ለመሃል፣ ቀጭን የሰፈፍ መስመር አስይዝ።

ምርጊት በክረምት አይደርቅም። ሦስት ቀፎ ብቻ እስከ ግንቦት ጨርሰህ፣ አደይና ኑግ ሲያብቡ የንብ መንጋ እንዲኖርባቸው አድርግ። ሠላሳ ቀፎ ስለ መሥራት የምታስበው የሦስቱን ማር ከቆረጥህ በኋላ ነው።

ከቡሬ፦ «በላስቲክ የበርበሬ ማድረቂያ ሠራሁ፤ ሻገተብኝ። ልተወው?»

አይተዉት፤ የጎደለው የአየር መውጫ ነው። ከክብደቱ 75 በመቶው ውሃ የሆነ 100 ኪሎ በርበሬ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ ሲደርስ 28 ኪሎ ገደማ ይቀራል። 72 ሊትር ውሃ በእንፋሎት መውጣት አለበት ማለት ነው። መውጫ ሲያጣ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ በርበሬው ላይ ይንጠባጠባል። ከታች መግቢያ፣ ከላይ ከመግቢያው የማያንስ መውጫ ይክፈቱ፤ በርበሬውን በወንፊት መደርደሪያ ላይ ሳይደራረብ ያስጡት። ቴርሞ ሜትር ይስቀሉ፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ቀለሙ ይጠቁራል። በ5 ኪሎ እየሞከሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ አለዚያ የትኛው እንዳሻሻለው አይታወቅም።

የሻገተውን ግን ለምግብ አያውሉት፣ እባክዎ። አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ማመስም መፍጨትም አያጠፋውም።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ሐሳቤን ለአናጢ ባሳይ ቢወስድብኝስ?»

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ለ5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ሕጉ የሚጠብቅልሽ አሠራሩን ነውና ንድፉን ከነልኩ፣ ከነመግለጫው አዘጋጂ። እስከዚያው ለአንዱ አናጢ አንዱን ክፍል፣ ለሌላው ሌላውን ስጪ፤ መገጣጠሙን ራስሽ ያዢው።

ከሞጣ፦ «የፈጠርሁትን ዕቃ ሠርቶ መሸጥ ጀምሬያለሁ፤ ሥራዬን ለቅቄ ልግባበት?»

ገና ነው። ዘመድ ያልሆነ ሰው በሙሉ ዋጋ ገዝቶ፣ ተመልሶ ሁለተኛ እስኪገዛህ ድረስ በቅዳሜና በማታ ሥራው።