የጌኮ ሆድና የጌኮ ቤት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊት ማሳደግ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። እናቴ ልትጠይቀኝ ቨርጂኒያ መጥታ የሚኖርበትን ሳጥን ስታይ «እንሽላሊት ልታረባ ነው አሜሪካ ድረስ የመጣኸው?» ብላኛለች። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ብዙ ስላጠፋሁ ብዙ ተምሬያለሁ። ጥያቄ ላኩልኝ ስላችሁ ግማሾቻችሁ ስለ ሆዱ፣ ግማሾቻችሁ ስለ ቤቱ ጠየቃችሁ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለልጄ ልደት የገዛነው ጌኮ ሳምንቱን ሙሉ አልበላም፤ ኩስም የለም። ታሞ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። አዲስ ቤት የገባ ጌኮ ለጥቂት ቀናት ምግብ ቢጠላ የተለመደ ነው። ልጅዎ እያወጣ ባይነካካው ጥሩ ነው። ጭራውን ይዩት። ስብ የሚያጠራቅመው እዚያ ነው፣ እንደ ግመል ሻኛ። ጭራው ወፍራም ከሆነና ጌኮው ካደገ ጊዜ አለዎት። ጫጩት ከሆነ ግን አይጠብቁ።

ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ጌኮ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም። ሆዱ ውስጥ ይቆያል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። በሳጥኑ ሞቃት ጫፍ ያለው መደበቂያ ወለሉ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ 25 አካባቢ ይሁን። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ክብ መለኪያ የአየሩን እንጂ የወለሉን አይነግርዎትም። ማሞቂያውንም ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) አይሰኩት፤ ሆዱን ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት። በዚህ ሙቀት ደግሞ ማሞቂያ?

አዎ እህቴ። ጌኮው የሚኖረው ኤሲ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የበረሃ እንስሳ ነው ብለው አሸዋ ሸጡልን። ችግር አለው?

ለእኔም ሸጠውልኛል። ያውም «ካልሲየም ያለው ነው፣ ቢበላውም አይጎዳውም» ተብዬ። የመጀመሪያው ጌኮዬ ካልሲየም ሲያምረው አሸዋውን ይልስ ነበር። አንጀቱ ተዘጋ። ሆዱ ተነፍቶ የኋላ እግሮቹን ሲጎትት ሐኪም ጋ ሮጥኩ፤ አልተረፈም። ዛሬም ያንን ከረጢት ሱቅ ውስጥ ሳይ ደሜ ይፈላል።

እነዚህ ጌኮዎች የመጡት ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው። አገራቸው ድንጋይና ደረቅ ጠንካራ አፈር እንጂ የአሸዋ ክምር አይደለም። ለጫጩትና ለታመመ የወጥ ቤት ወረቀት ያንጥፉ። አያምርም፣ ግን ኩሱ በግልጽ ይታያል። ላደገና ጤነኛ ለሆነ አፈርና ሸክላ ቀላቅለው የሚጠቀጥቁ አሉ፤ እኔም አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። በአንድ ጥግ እርጥብ መደበቂያ ይኑር፤ ቆዳውን ሲለውጥ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ጤናማ ኩስ ምን ይመስላል?

ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ቅርጹን የያዘ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ያለበት። ነጩ ሽንቱ ነው። ነጩ ወደ ቢጫ ከሄደና ከደረቀ ውኃ አንሶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ከሆነ፣ ከከረፋና ጭራውም እየቀጠነ ከሄደ ግን ትኩስ ኩስ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል የአንጀት ጥገኛ ሊሆን ይችላል፤ አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። ሌላ ጌኮ ካላችሁ ወዲያው ለዩአቸው፤ ዕቃም አታጋሩ።

ጥያቄ፦ ሆዱ ደርቆበታል። ዘይት በአፉ ላንቆርቁርለት?

ተው ወንድሜ! ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ ሙቀቱን አስተካክል። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ፣ ከሆዱ በማያልፍ ጥልቀት፣ ለአንድ 15 ደቂቃ አቁመው። አጠገቡ ሁን። ሆዱ ካበጠ ወይም እግሩን ከጎተተ ቤት ውስጥ አትሞክር፣ ሐኪም ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ ሰላጣና ሙዝ ይበላል?

አይበላም፤ ለሌፐርድ ጌኮ የሚሰጠው ነፍሳት ነው፦ ፌንጣ፣ ዱቢያ የሚባል በረሮ፣ ሚልዎርም (የጥንዚዛ ዕጭ)። ስፋታቸው በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት አይብለጥ። ካሮትና ቅጠል ለነፍሳቱ ስጧቸው፣ በእነሱ በኩል ይደርሰዋል። ካልሲየም ዱቄትም ነስንሱባቸው። ከጓሮ አትልቀሙ፤ ፀረ ተባይ የነካው ሊሆን ይችላል። አብሪ ትልማ መርዙ ነው። ፍራፍሬ የሚወደው ክሬስትድ ጌኮ የሚባለው ሌላው ዝርያ ነው። እሱ ደግሞ ቁመት ያለው ሳጥን ይፈልጋል፤ 28 ዲግሪ ሲያልፍ ይሰቃያል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ። ያሰጋል?

ጤነኛ የሚመስል ጌኮም ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኩት ይሻላል። የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የውኃ ሳህኑንም የምግብ ዕቃ የሚታጠብበት ቦታ አትጠቡት። ይህን ከእናቴ ነው የሰማሁት፤ ስለ ሳልሞኔላ ሰምታ አታውቅም፣ እዚያ ሳጥበው ገና ስታየኝ ግን ጮኸችብኝ።