ቃል ስለሚቆጥር የአውክ ስክሪፕት፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ስለ ሰሜን ሸዋ የተጻፉ ማስታወሻዎችን በኮምፒውተር የምታሰናዱ ወዳጆች፣ «መንዝ» የሚለውን ቃል ስለምትቆጥር አንዲት አጭር የአውክ (ጽሑፍ መስመር በመስመር የሚያስተናግድ የፕሮግራም ቋንቋ) ስክሪፕት ለጠየቃችሁት መልሴ የሚከተለው ነው። ስክሪፕቷ ሁለት ክፍል አላት፤ በመጀመሪያው «መንዝ» በሁለት እዝባሮች መካከል ተቀምጦ አጠገቡ ባለው ቅንፍ ውስጥ በቆጣሪው ላይ አንድ ይደመራል፤ በሁለተኛው፣ «ኤንድ» በሚለው ሥር፣ ድምሩ ይታተማል።

ጥያቄ፦ ፋይሉ የሚከፈተውና የሚነበበው የት ላይ ነው?

መልስ፦ በስክሪፕቷ ውስጥ አያገኙትም። አሆ፣ ዋይንበርገርና ከርኒሃን በ1977 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪዎች የሠሩት አውክ ፋይሉን ራሱ ከፍቶ መስመር በመስመር ያነባል፤ እያንዳንዱን መስመር ከፓተርኑ፣ ማለትም በእዝባሮቹ መካከል ከተጻፈው፣ ጋር አስተያይቶ ሲገጥም ብቻ በቅንፉ ውስጥ ያለውን ይፈጽማል። ቆጣሪውን አስቀድሞ ዜሮ ማድረግ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ምንም ካልተገኘ ባዶ መስመር ስለሚታተም፣ ሲያትሙ ዜሮ ይደምሩበት።

ጥያቄ፦ በአንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ የተጻፈው «መንዝ» ለምን አንድ ተብሎ ይቆጠራል?

መልስ፦ ስክሪፕቷ የምትቆጥረው ቃሉን ሳይሆን ቃሉ ያለባቸውን መስመሮች ነው፤ ሙሉ አንቀጽም መስመር ሳይሰበር ከተጻፈ አንድ መስመር ነው። ቃሉ የተገኘበትን ጊዜ ሁሉ ለመቁጠር ጂሰብ የተባለውን ተኪ ፈንክሽን ይጠቀሙ፤ የተካውን ብዛት ስለሚመልስ ያንን ቁጥር በቆጣሪው ላይ ይደምሩ።

ጥያቄ፦ «በመንዝ» ሲቆጠር «መንዜ» ለምን ይቀራል?

መልስ፦ ይህ ለአማርኛ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ ነው። «በ» እና «የ» ከፊት ቢቀጠሉም «መንዝ» ሳይነካ ይቆያል፤ በ«መንዜ» እና በ«የመንዙ» ግን ቅጥያው የመጨረሻውን ፊደል ራሱን ይለውጠዋል፣ ለአውክ ደግሞ «ዝ» እና «ዜ» ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ብዙዎች «ዝ»፣ «ዜ» እና «ዙ»ን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይደረድራሉ፤ በጋውክ (አንዱ የአውክ ዓይነት)፣ የሲስተሙ ቋንቋ በዩቲኤፍ 8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) ከተስተካከለ፣ በትክክል ይሠራል። ፊደልን ሳይሆን ባይትን (ኮምፒውተሩ ፊደልን የሚያስቀምጥበትን ትንሽ ክፍል) ነጥሎ በሚያነብ አውክ ግን አደገኛ ነው፦ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይትም በሁሉም አንድ ስለሆነ «መንገድ» እና «መንደር» ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ለማጣራት የ«መንዝ»ን ርዝመት ያሳትሙ፤ 3 ካለ በፊደል፣ 9 ካለ በባይት ያነባል። እኔ የምመክረው አማራጮቹን በክብ ቅንፍ ውስጥ በቋሚ መስመር እየለዩ መጻፍን ነው፤ ይህ በሁለቱም ይሠራል። ሆኖም «ብሩን መንዝሮ» የሚለውም እንደሚገባ አይርሱ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት የገጠሙትን መስመሮች አሳትመው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ለየፋይሉ የተለየ ቁጥር ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ቆጣሪውን በፋይሉ ስም የሚጠቆም ድርድር (ለየስሙ የተለየ ቁጥር የሚይዝ) ያድርጉት። ቃሉ የሌለባቸው ፋይሎችም በዜሮ እንዲታዩ ከፈለጉ፣ በየፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ለዚያ ፋይል ዜሮ ይመዝግቡ።