መብረቁ ጨረቃን ከሰበረ በኋላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤ የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው የእኅቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ «መብረቁ» የሚባል ጀግና ይሥላል፤ እኔ አባዝቼ መደርደሪያዬ ላይ አኖርላቸዋለሁ፤ የሠፈሩ ልጆችም ይገዛሉ። በመጀመሪያው ደብተር መብረቁ ከአንዱ ብሎክ ጣሪያ ወደ ሌላው ከመዝለልና ሁለት ጄሪካን ውኃ በአንድ ትንፋሽ አራተኛ ፎቅ ከማድረስ ያለፈ ኃይል አልነበረውም፤ 40 ኮፒ በአንድ ሳምንት አለቀ። በሁለተኛው መብረር ጀመረ፤ በሦስተኛው ጥይት የማይበሳው ሆነ፤ በአራተኛው ጊዜን ወደ ኋላ መለሰ፤ በአምስተኛው ጨረቃን በቡጢ ሰበረ። ከዚህ ከአምስተኛው የተሸጠው ሰባት ኮፒ ብቻ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ ኃይሉ ገና ስላነሰ ነው» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ በዝቶ ነው ባይ ነኝ። ለመሆኑ የአንድ የኮሚክ ጀግና ኃይል ከልክ ሊያልፍ ይችላልን? ለመዳኘት እንዲያመቻችሁ የአንደኛውንና የአምስተኛውን ደብተር ኮፒ አያይዤ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ልኩ የሚታወቀው ጀግናው በሚያነሣው ክብደት ወይም በሚሰብረው ነገር ትልቅነት አይመስለኝም። ታሪኩ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ለዚያ ጥያቄ የጀግናው ጡንቻ ብቻውን መልስ ሆኖ ከተገኘ ኃይሉ በዝቷል። ጡንቻው መልስ ካልሆነ ግን ተራራ ቢያንቀሳቅስም አልበዛም።

ከላኩልኝ ደብተሮች ልጀምር። በአንደኛው ደብተር ዘጠነኛ ገጽ ላይ መብረቁ ሁለት ቢጫ ጄሪካን ይዞ በሦስተኛው ፎቅ የደረጃ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ከታች «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ከላይ ደግሞ ውኃ ካጡ ሦስት ቀን የሆናቸው እማማ በራቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። ልጁ የጀግናውን ቅንድብ በእስክሪብቶ ደጋግሞ ከመሣሉ የተነሣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል፤ ኮፒው ላይ እንኳ ይታያል። በሚቀጥለው ሥዕል መብረቁ የለም፤ አንደኛው ጄሪካን ተጋድሞ ውኃው በደረጃው ላይ ይወርዳል። ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ተመለከትሁት። በአምስተኛው ደብተር ግን ጨረቃዋ በአራተኛው ገጽ ትሰበራለች፤ የቀሩት ገጾች ስለ ስብርባሪው እንጂ ስለ ማንም ሰው አይደሉም። ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች መካከል ሌሊቱ መጨለሙን ያስተዋለ አንድ እንኳ የለም።

የእኅትዎ ልጅ በአምስት ደብተር የሄደበት መንገድ የዘርፉ አንጋፋ ጀግና በሃያ ዓመት የሄደበት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሱፐርማን በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በተባሉ ሁለት ወጣቶች ተፈጥሮ ሲታተም መብረር አይችልም ነበር። ሃያ ፎቅ ያለውን ሕንፃ ይዘላል፤ በአንድ ዝላይ 200 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከባቡር ይፈጥናል፤ ቆዳውን የሚበሳው ግን የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ነው ተብሎ ነበር፤ ማለትም የሚበሳው ነገር አለ። ወሩ በመጣ ቁጥር አዲስ ታሪክ ይታተማል፤ አዲሱ ጠላት ካለፈው ካልበረታ ደግሞ አንባቢ አይገዛም፤ ጠላቱ ከበረታ ጀግናውም መበርታት አለበት። ነገሩ ከገበያችን ዋጋ ጋር ይመሳሰላል፤ ብሩ ይበዛል፣ የሚገዛው ነገር ግን ያንሳል። በ1938 መኪና ከፍ አድርጎ ማንሣት አንባቢን ያስደነግጥ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን ፕላኔት መግፋትም ጊዜን ሰንጥቆ መሄድም ተራ ነገር ሆኖ ነበር። በ1958 በታተመ አንድ ታሪክ ውስጥ ሱፐርማን ከመዳፉ ጣት የሚያክል ሌላ ትንሽ ሱፐርማን የማውጣት ኃይል እስከ ማግኘት ደርሷል። የሚያስቀው ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ጥሩው ክፍል ትንሹ ሰውዬ ምስጋናውን ሁሉ ሲወስድበት ትልቁ መቅናቱ ነው፤ ቅናትን በቡጢ መምታት አይቻልምና።

ለዚህ በሽታ መጀመሪያ የታዘዘው መድኃኒት ድንጋይ ነው። ሱፐርማንን የሚያደክመው ክሪፕቶናይት መጀመሪያ የተሰማው በ1943 በሬዲዮ ድራማው ሲሆን ወደ ኮሚኩ የገባው በ1949 ነው። አረንጓዴው ብቻ አልበቃ ብሎ ቀይ፣ ወርቃማ፣ ሰማያዊና ነጭ ተጨመረበት። እኔ ይህን መድኃኒት አልወደውም። ድንጋዩ ሲመጣ ጀግናው ይወድቃል፣ ድንጋዩ ሲነሣ ይነሣል፤ በመካከሉ የእርሱ ውሳኔ የለም። በ1959 የወጣው፣ ኃይሉን ከቀለበት የሚያገኘው ጀግና ግሪን ላንተርን ደግሞ ቀለበቱ ቢጫ ቀለም ባለው ነገር ላይ አይሠራም ነበር። የእኅትዎ ልጅ ጀግና እንዲህ ዓይነት ቀለበት ቢኖረው ኖሮ በመጀመሪያው ጄሪካን ተሸንፎ ያርፍ ነበር።

በ1971 ዴኒ ኦኒል የተባለው ደራሲ ሌላ ነገር ሞከረ። በምድር ላይ ያለው ክሪፕቶናይት በሙሉ ወደ ብረት እንዲለወጥ አደረገና የጀግናውን ኃይል ግን በከፊል ቀነሰ። ሙከራው ደፋር ነበር፤ አልቆየም እንጂ። እርሱ ሲለቅ የተተኩት ደራሲዎች ኃይሉን መለሱለት፤ በ1986 ጆን በርን የተባለው ደራሲ እንደገና ቀነሰው፤ በኋላም እንደገና አደገ። ከዚህ የተረዳሁት ኃይልን በመቀነስ ብቻ ነገሩ እንደማይበጅ ነው፤ ምክንያቱም ወርኃዊው ውድድር እስካለ ድረስ የተቀነሰው ተመልሶ ይሞላል።

ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየኝ በ1978 የወጣው የሱፐርማን ፊልም ነው፤ ጤናማውንም በሽተኛውንም በአንድነት ይዟልና። መጀመሪያ ላይ አሳዳጊ አባቱ በልብ ድካም በደጁ ወድቀው ይሞታሉ። ወጣቱ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ያ ሁሉ ኃይል እያለው ሊያድናቸው አለመቻሉን ይናገራል። በዚያ ሰዓት ኃይሉ ምንም ያህል ቢሆን አልበዛም። መጨረሻ ላይ ግን የሚወዳት ሴት ስትሞት ምድርን እየዞረ በመብረር ጊዜን ወደ ኋላ ይመልስና ያስነሣታል። ያን ጊዜ ተመልካቹ «ታዲያ አባትህንስ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የለም። የእኅትዎ ልጅ አራተኛው ደብተር የወደቀው በዚሁ ጉድጓድ ነው፤ ጊዜን የሚመልስ ጀግና ከዚያ በኋላ የሚጸጸትበት ነገር አይኖረውም።

እኛ ደግሞ ከኮሚክ በፊት የምናውቀው ብርቱ ሰው አለን። ሶምሶን አንበሳ ቀዷል፤ የጋዛን በር ከነመቃኑ ነቅሎ ተሸክሟል። ፀጉሩን እንደ ክሪፕቶናይት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ደሊላን ሦስት ጊዜ ዋሽቷት በአራተኛው ምሥጢሩን በገዛ አፉ አወጣ፤ ድክመቱ ፀጉሩ ሳይሆን መሰላቸቱና ፍቅሩ ነበር። ከዚያ በፊትም በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 15 ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። ሶምሶን በአህያ መንጋጋ አንድ ሺህ ሰው ከጣለ በኋላ በውኃ ጥም ሊሞት ደርሶ ወደ አምላኩ ጮኸ። ሺህ ሰው ጣይ ለአንድ ጥርኝ ውኃ! ልጅዎ ይህን ምዕራፍ ያንብብ፤ ከጄሪካኑ ገጽ ጋር ዝምድናው የቀረበ ነው።

የተለመደውን የስፓይደርማን ምሳሌ የማነሣው በአንድ ምክንያት ነው። በ1973 በታተመው ታሪክ ፍቅረኛው ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ስትወረወር በድሩ ቀልቦ ይይዛታል፤ ሲስባት ግን ሞታለች። አንባቢዎች ምን እንደ ገደላት ደብዳቤ ጽፈው ጠየቁ፤ አዘጋጆቹም ከጥቂት ወራት በኋላ እንደዚህ ባለ የአንባቢያን ዓምድ ላይ፣ ድሩ በድንገት ሲያቆማት አንገቷ በኃይል መናጡ እንደ ገደላት መለሱ። ማለትም የገደላት ማዳኑ ነው። ይህ ጀግና ድልድዩን በሙሉ የሚያነሣ ጉልበት ቢኖረው እንኳ ታሪኩ በዚያ ምክንያት አይበላሽም ነበር።

ስለ ጨረቃ መስበሩ ደግሞ ለልጁ የሚነገረው ኤክስ ሜን ከተባለው የጀግኖች ቡድን የሆነችው የጂን ግሬይ ታሪክ ነው። በ1976 ፊኒክስ የተባለ ኃይል ካገኘች በኋላ እየበረታች ሄዳ ሌሎቹ ጓደኞቿ ከአጠገቧ ቆመው የሚያዩ እስኪመስሉ ደረሰች። በ1980 አንድ ኮከብ በላች፤ በዙሪያው ትዞር የነበረች ፕላኔትም ከነቢሊዮኖች ነዋሪዎቿ ጠፋች። ደራሲዎቹ ኃይሏን አስወግደው በሕይወት ሊያኖሯት አስበው ነበር፤ የኮሚኩ አሳታሚ የማርቭል ዋና አዘጋጅ የነበረው ጂም ሹተር ግን ያን ያህል ሕዝብ ያጠፋች ጀግና ያለ ቅጣት ወደ ቤቷ ልትመለስ አትችልም ብሎ ተቃወመ። ጂን ግሬይ በጨረቃ ላይ የራሷን ሕይወት አጠፋች። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ መልሶ አስነሥቷታል፤ ያ የገበያ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «እነዚያ የሞቱት ሰዎችስ?» ብሎ መጠየቁ የታሪኩን ክብደት አዳነው። የአምስተኛው ደብተር ጠያቂ እርስዎ ይሁኑ፤ ኮፒ የሚያባዛው ሰው እንዲህ ዓይነት ሥልጣን ቢኖረው አይበዛበትም።

ልጁ «ታዲያ ሳይታማስ?» ብሎ እንደሚሞግትዎ አልጠራጠርም፤ በዚያ ዕድሜ ያሉት የጃፓኑን ተከታታይ በስልካቸው ያዩታልና። ሳይታማ ማንኛውንም ጠላት በአንድ ቡጢ ያሸንፋል፤ ታሪኩ ግን ስለ ማሸነፍ አይደለም። ሁሉም ነገር በአንድ ቡጢ ማለቁ ሰልችቶታል፤ የሠራውን ሌሎች ይመሰገኑበታል፤ ከጭራቅ ይልቅ የሱፐርማርኬቱ የቅናሽ ቀን እንዳያመልጠው ይጨነቃል። ወሰን የለሽ ኃይል፣ ነገር ግን ለሚጠየቀው ጥያቄ የማይጠቅም።

ስለዚህ ምክሬ መብረቁን እንዳያደክሙት ነው። ኃይሉን ቢነጥቁት ልጁ ይከፋል፣ አንባቢዎቹም ማታለል ይመስላቸዋል። ይልቁንስ ወደ ደረጃው ይመለስ። በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመው የአገራችን ኮሚክ «ጀምበር» ጀግናው ከኮሌጅ ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ ሥራ ፍለጋ ደግሞ በቡጢ አይጠናቀቅም። መብረቁም ጨረቃን የሰበረ ዕለት ማታ ወደ ብሎኩ ይመለስና እማማ በሻማ ተቀምጠው ያግኛቸው። ጨረቃዋን ያጠፋው ማን እንደ ሆነ እርሳቸው አያውቁም፤ እርሱ ያውቃል። ይነግራቸው ይሆን? ይህ ስድስተኛው ደብተር ነው፤ ሲታተም ለእኔም አንድ ኮፒ ያስቀምጡልኝ፤ ዋጋውን እልካለሁ።

ጥያቄ፦ ከአያት የምጽፍ ተማሪ ነኝ። ባትማን ምንም ልዩ ኃይል የለውም። ስለዚህ «ኃይሉ በዛ» የሚባለው ነገር እርሱን አይነካውም ማለት ነው?

መልስ፦ ይነካዋል። በ1939 ሲፈጠር ባትማን ሀብታምና ብልህ የሆነ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ ገንዘብም ዝግጅትም ከበዙ ከመብረር አይተናነሱም። በ1966 ፊልም ላይ ከሄሊኮፕተር ተንጠልጥሎ እያለ ሻርክ እግሩን ሲይዘው የሻርክ ማባረሪያ ስፕሬይ ተገኝቶለታል። ያ በቀልድ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን በኋላ ዘመን የመጡት ደራሲዎች ያንኑ ቀልድ ያለ ሣቅ ጻፉት፤ ባትማን ሁሉን አስቀድሞ ያሰበ፣ ለሁሉም ዕቅድ ያለው ሰው ሆነ። ይህን የተገነዘበ የሚመስለኝ በ2000 የታተመ አንድ ታሪክ ነው። ባትማን ጓደኞቹ የሆኑትን ጀግኖች፣ ሱፐርማንን ጨምሮ፣ አንድ ቀን ቢያምፁ የሚያሸንፍበትን ዕቅድ በምሥጢር አዘጋጅቶ ነበር፤ ጠላት ዕቅዱን ሰርቆ በእነርሱ ላይ ተጠቀመበት። ጓደኞቹ ከሞት ከተረፉ በኋላ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ፤ ባትማንንም ከማኅበራቸው አስወጡት።