ማንን ነው ለእግዚአብሔር የሰጠሽው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሥራ የምመላለሰው ከመገናኛ ወደ አያት በታክሲ ነው። ባለፈው ሳምንት 100 ብር ሰጥቼ መልሴን ስጠይቅ ረዳቱ «ለማኝ! ለዚች ብር ነው የምትጨቀጭቂኝ?» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ጾም ስለነበር አልተሳደብኩም፤ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼሃለሁ» ብዬው ወረድኩ። ግን እስከ ማታ ውስጤ ሲቃጠል ዋለ። ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም? ደግሞስ ልጁን ዳግም ላላገኘው እችላለሁ፤ ሳልታረቅ እንዴት እቆርባለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጾም ከእህል ብቻ አለመሆኑን ታውቂያለሽ፤ አንደበትሽን መያዝሽ ይመሰክራል። እሱን ልለፈውና «ለእግዚአብሔር ሰጥቼሃለሁ» ያልሽው ላይ ልቁም።

ይህችን ቃል ከምእመናን አፍ ደጋግሜ እሰማታለሁ። «የእጅህን ይስጥህ»፣ «እሱ ይይልህ» ከሚሉት ጋር አንድ ጓሮ የበቀለች ናት። ስድብ ስላይደለች ጨዋ ትመስላለች፤ የእግዚአብሔር ስም ስላለባትም ጸሎት ትመስላለች። ስትፈተሽ ግን ብዙ ጊዜ እርግማን ናት፤ «ዱላውን አንተ ያዝልኝ» ማለት ናት። እስከ ማታ የተቃጠልሽውም ለዚህ ይመስለኛል። ልጁን አስረክበሽ የሄድሽ መስሎሽ፣ ቅጣቱን ስትጠብቂ ዋልሽ።

ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ጌታችን «ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም፣ መከራንም ሲቀበል አልዛተም፣ ነገር ግን በጽድቅ ለሚፈርደው ራሱን አሳልፎ ሰጠ» ይላል (1ኛ ጴጥ. 2፥23)። ማንን ነው አሳልፎ የሰጠው? ጲላጦስን? በጥፊ የመታውን ሎሌ? አይደለም፤ ራሱን ነው። አንቺ ግን የሰጠሽው ረዳቱን ነው። ራስሽን፣ ውርደትሽን፣ ያንን ንዴት ይዘሽው ወረድሽ።

«በቀል የእኔ ነው ይል የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይላል፤ ሮሜ 12፥19 ላይ። ሰው ግን እዚያው ላይ መጽሐፉን ያጥፈዋል። ቀጣዩ ቁጥር «ጠላትህ ቢራብ አብላው፤ ቢጠማ አጠጣው» ነው የሚለው። ፍርዱን ከእጅሽ የወሰደው እጅሽ ለዚህኛው ሥራ እንዲፈታ ነው።

እስቲ ረዳቱን ልብ ብለሽ እዪው። ከንጋት ጀምሮ ወገቡን አጉብጦ፣ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ጣቶች መሐል ብሩን በቁመቱ አጥፎ ሰክቶ ይቆማል። «ጠጋ በሉ» ሲል ከኋላ ይጮሁበታል፤ ሳይሞላ ሲቀር ሾፌሩ ይቆጣዋል። ተራ አስከባሪው የራሱን ይቀበላል። ትርፍ ጭነው ከተያዙ ቅጣት አለ። ማታ ደግሞ ለባለ መኪናው የሚገባ ገቢ አለ። ይህ ሁሉ ስድቡን ልክ አያደርገውም፤ የሰው መልስ ማስቀረትም ያው ስርቆት ነው። ግን «ለማኝ» ያለሽ ልጅ ራሱ ሲሰደብና ሳንቲም ሲለቅም የዋለ ነው። የሰጠሽ የተሸከመውን ነው።

ርኅራኄ ማለት ታዲያ መልስሽን ትተሽ መውረድ አይደለም። ጌታችን በጥፊ ሲመታ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል (ዮሐ. 18፥23)። አልተሳደበም፤ ዝምም አላለም።

ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሩ ላይ ነው። ወራጁ አንድ እግሩን አውጥቷል፣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ያደርጋል፣ ሾፌሩ «ቶሎ በል!» ይላል፤ በዚያች ቅጽበት መልስ የተጠየቀ ረዳት አፉ ይበላሻል። ስለዚህ ትልቅ ኖት ስትሰጪ ያኔውኑ «የ100 ነው፣ አያት ነኝ» በዪው። መውረጃሽ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው፣ ወንበርሽ ላይ እንዳለሽ ጠይቂው። ዝርዝር ከሌለው ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ተካፈሉ ቢል እሺ በዪ። ቃሉም ለውጥ አለው፤ «መልሴን ስጠኝ እንጂ!» ከማለት «ወንድሜ፣ መልሴን ረስተኸዋል» ብትዪው ይሻላል። «ረስተኸዋል» ሳያፍር የሚመለስበትን በር ትተውለታለች። «የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች» (ምሳ. 15፥1) የተባለው እንዲህ በመሰለ ቦታ ነው የሚሠራው።

ይህንም አድርገሽ ቢሰድብሽ? ውረጂ። ከዚያ በመንገድሽ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ፤ 41 ጊዜ ለማድረስ መንገዱ ይበቃሻል። ግእዙን ልብ በዪ፤ «መሐረኒ» ብትዪ «እኔን ማረኝ» ነበር፤ «መሐረነ» ግን «ማረን» ነው። በዚያች «ነ» ውስጥ ረዳቱም አለ። የጀመርሽው ተቃጥለሽ ቢሆንም ግድ የለም፣ ጨርሺው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። የተሰደቡት አንቺ ሳትሆኚ አንዲት አሮጊት እናት ቢሆኑ፣ ወይም በግፊያው መሐል አንዱ እጁን ሴት ልጅ ላይ ቢያሳርፍ፣ ያኔ ዝምታ ትሕትና አይባልም። «ሾፌር፣ አቁም!» ብለሽ ጮክ በዪ፤ ሰሌዳውን ያዢ፤ ለፖሊስ ተናገሪ። በራስሽ ላይ የደረሰውን መቻል ያንቺ ነው፤ በሌላ ላይ የደረሰውን ግን አንቺ ልትችዪለት አይገባም።

ስለ ቁርባኑ፦ ስሙን የማታውቂውን ሰው ከተማ ለከተማ ፈልጊ የሚልሽ የለም። ከልብሽ ይቅር በዪውና ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ስትነግሪያቸው ታዲያ የተሰደብሽውን ብቻ አይሁን፤ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼሃለሁ» ስትዪ ምን እንዲደርስበት ፈልገሽ እንደነበርም ጨምሪ። ሰው የሰደቡትን አይረሳም፤ የረገመውን ግን ይዘልለዋል። የቀረውን እሳቸው ያዙሻል።

በዚያው መስመር ደግሞ ዳግም ታገኚው ይሆናል። ሒሳብ ከመስጠትሽ በፊት «እንዴት አደርክ?» በዪው። ዝርዝርም ይዘሽ ግቢ።