ለገና ወደ ጂንካ እንሂድ ወይስ እንቅር?

እህቴ፣ ነገሩን የተረዳሁት እንዲህ ነው። ለገና ከባለቤትሽ፣ ከሁለት ልጆችሽና ከአማትሽ ጋር መጀመሪያ ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ወደ ጂንካ ለመሄድ ትኬት ቆርጣችኋል፤ ለአርባ ምንጩ ሆቴልም ቀብድ ከፍላችኋል። ጂንካ ላይ የምታርፉት የአማትሽ እህት ቤት ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማርበርግ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ጂንካ ውስጥ መገኘቱን የጤና ሚኒስቴር ካረጋገጠ ወዲህ አንቺ ሰግተሻል። ባለቤትሽ ግን «ከተማው ሥራውን እየሠራ ነው፣ እኛ ምን ያስፈራናል?» ይላል። አማትሽ ደግሞ እህታቸውን ሳያዩ ሌላ ዓመት እንዲያልፍ አይፈልጉም። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ጂንካን ወደ ሌላ ጊዜ አዛውሩት፣ አርባ ምንጭን ግን መተው የለባችሁም።

በጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ረጅም ዘመን ስለ ሠራሁ፣ ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚል ሰው ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ለራሴ ቤተሰብም በዚሁ በማርበርግ ምክንያት የወሰንኩበት ጊዜ ስላለ እሱን ልንገርሽ።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ወደ ኪጋሊ ልንሄድ ተዘጋጅተን ነበር። ወንድሜ እዚያ ይሠራል፤ ባለቤቱ የሆስፒታል ነርስ ናት። መስከረም 17 ቀን የሩዋንዳ መንግሥት ማርበርግ አገሩ መግባቱን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ለስብሰባ ወደ ኪጋሊ የሚበሩ ደንበኞች ቢሮዬ መጥተው ምክር ጠየቁኝ። እነሱን ሂዱ አልኳቸው፤ የራሴን ቤተሰብ ጉዞ ግን አዛወርኩ። ባልደረቦቼ «ለሰው የመከርሽውን ለራስሽ አትቀበዪም እንዴ?» ብለው ተገረሙ። ነገር ግን ሁለቱ ጉዞዎች በከተማውና በጊዜው ካልሆነ በቀር አይመሳሰሉም ነበር።

ማርበርግ እንደ ኮሮና በትንፋሽ የሚዛመት በሽታ አይደለም። የሚተላለፈው የታመመን ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ላብና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ በመንካት፣ በእነዚህ የተበከለ ልብስና አልጋ በመንካት፣ እንዲሁም የሞተውን በማጠብና በመገነዝ ነው። ምልክት ያልታየበት ሰው ለሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ በሽታው የሚያገኘው የሚያስታምመውን፣ የሚያክመውንና የሚቀብረውን ነው። ሩዋንዳ ውስጥ 66 ሰዎች ተይዘው 15 ሞተዋል፤ ከተያዙት አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ሆቴል አርፎ፣ አዳራሽ ገብቶ፣ በታክሲ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ከእነዚህ በአንዱም መንገድ አያልፍም። እኛ ግን የምናድረው በየቀኑ ከሆስፒታል የምትመለስ ነርስ ቤት ነበር፤ ልጆቼ ደግሞ ከእቅፏ የሚወርዱ አይደሉም። እሷ ራሷ ደውላ «ስትመጡ በጣም ደስ ይለኛል፣ አሁን ግን አትምጡ» አለችን። ደንበኞቼ ሄደው በደኅና ተመለሱ። እኛም ታኅሣሥ 11 ቀን ወረርሽኙ ማብቃቱ ታውጆ፣ የካቲት ላይ ሄደን ወንድሜን ጠየቅን።

እንግዲህ ካርታ ላይ በሽታው የት እንዳለ ከማየት በፊት ማን ቤት እንደምታድሪ፣ ማንን እንደምትስሚ፣ ማንን እንደምትጠይቂ አስቢ። አንድ ጎብኚ ጂንካ ሆቴል አድሮ፣ በመኪና ወደ ማጎ ፓርክ ወርዶ ቢመለስ የሚያሰጋው ነገር በጣም ጥቂት ነው። እናንተ ግን ዘመድ ሆናችሁ ነው የምትሄዱት። አማትሽ ከብዙ ጊዜ በኋላ እህታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ጎረቤቱ ሁሉ ሊስማቸው ይመጣል። ቡና ይፈላል፤ ከቡናው ላይ የታመመ ሰው ስም ይነሣል፤ «እግረ መንገዳችንን ጠይቀነው እንምጣ» ይባላል። እግዚአብሔር አያምጣውና በሰፈሩ ሰው ቢሞት ደግሞ እንግዳ ነኝ ብሎ ቤት መቀመጥ የለም። ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው፤ እናት የሆነች ሴት እያለቀሰች ስትመጣ አቅፎ አለማልቀስ ነውር ነው። አማትሽን «ሂዱ፣ ነገር ግን ማንንም አይሳሙ፣ የታመመ አይጠይቁ፣ ለቅሶ አይድረሱ» ማለት ጭካኔ ነው፤ እሺ ቢሉም አይችሉትም። ሩዋንዳዎችም ይህን ስለሚያውቁ ነው በወረርሽኙ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዶ በሽተኛ መጠየቅን ለ14 ቀናት የከለከሉት፣ በማርበርግ የሞተ ሰው ቀብርም ከ50 ሰው እንዳይበልጥ የወሰኑት።

ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያስበውም። ትኩሳት ነው።

የማርበርግ የመጀመሪያ ምልክቶች ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የሰውነት ቁርጥማት ናቸው፤ ማስታወክና ተቅማጥ ይከተላሉ። መድማቱ ከመጣም የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ወባም እንዲሁ ይጀምራል፣ ታይፎይድም እንዲሁ። ጂንካ ያለችበት ደቡብ ኦሞ ወባማ አገር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ በአገራችን ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። አሁን የአምስት ዓመት ልጅሽ ጂንካ በገባችሁ በሦስተኛው ሌሊት ሰውነቱ እንደ እሳት ቢነድ ምን እንደሚሆን አስቢ። በሌላ ዓመት ጤና ጣቢያ ወስደሽው፣ ደሙ ታይቶ፣ መድኃኒት ይዘሽ ትመለሻለሽ። ዘንድሮ ግን ተጠርጣሪ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ለብቻው ይለያል፤ የሚያክሙት ሰዎች ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው ነው የሚቀርቡት፤ አንቺም ከጎኑ ላትሆኚ ትችያለሽ። ባለሙያዎቹ እንዲህ ማድረጋቸው ትክክል ነው፤ ባያደርጉት ነው የሚያስፈራው። ልጅሽ የያዘው ወባ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ግን ያቺን ሌሊት እሱም አንቺም አትረሷትም። በዚህ ላይ እዚያ ያሉት የጤና ባለሙያዎች ወር ለሚጠጋ ጊዜ ዕረፍት የማያውቁ ናቸው፤ እኛ ለሽርሽር ሄደን አንድ ተጨማሪ ተጠርጣሪ ልንጨምርባቸው አይገባም።

በደኅና ብትመለሱም ነገሩ አዲስ አበባ ስትገቡ አያልቅም። በሽታው በሰውነት ውስጥ ከ2 እስከ 21 ቀናት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከተመለሳችሁበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ከቤታችሁ አንድ ሰው ባተኮሰው ቁጥር «ከጂንካ ነው የመጣነው» ብላችሁ ለሐኪም ቀድማችሁ መናገር አለባችሁ። መደበቅ በፍጹም አይገባም። ግን ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ ቢያስነጥስ፣ ከጂንካ መምጣቱን የሰሙት ወላጆች በምን ዓይን እንደሚያዩት አስቢ።

ባለቤትሽን አትቆጪው፤ ከሚለው ብዙው እውነት ነው። ከተማው አልተዘጋም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ባለ ጊዜ የጉዞ ክልከላን አይመክርም። ጎብኚዎች በማርበርግ ተይዘው የታወቁባቸውን አጋጣሚዎች ብናይም ሐሳቡን ያጠናክራሉ። በአውሮፓውያን 2008 አንዲት የሆላንድ እና አንዲት የአሜሪካ ሴት ኡጋንዳ ውስጥ ፓይተን ዋሻ የሚባለውን ጎብኝተው ታመሙ፤ ሆላንዳዊቷ ሞተች፣ አሜሪካዊቷ ተረፈች። ሁለቱም የገቡበት ዋሻ ፍራፍሬ የሚበሉ የሌሊት ወፎች የሞሉበት ነበር፤ ቫይረሱን ተሸክመው የሚኖሩት እነዚህ ወፎች ናቸው። ገበያ ዞሮ፣ ሆቴል አድሮ የመጣ ሰው ግን አይደሉም። (በነገራችን ላይ፣ ወደ የትም ብትሄዱ ልጆቹን የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ አታስገቡ።) ባለቤትሽ የሚናገረው ስለ ጎብኚ ነው፤ ስለ ጎብኚ ደግሞ ልክ ነው። እሱ ግን የአክስቱን ቤት የሚጎበኝ የእህት ልጅ ነው።

«እስከ ገና ያልቅ ይሆናል» ብለሽ ጽፈሻል። አያልቅም። ወረርሽኝ አበቃ የሚባለው የመጨረሻው ታማሚ ነጻ መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ፣ ወይም ሞቶ በጥንቃቄ ከተቀበረ በኋላ አዲስ ታማሚ ሳይገኝ 42 ቀናት ሲያልፉ ነው፤ የ21 ቀኑ እጥፍ ማለት ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ላይ ስለሚውል፣ ለበዓሉ ሊያልቅ ይችል የነበረው ቆጠራው ኅዳር 17 ተጀምሮ ቢሆን ነበር። ይህን የምጽፍልሽ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ቆጠራው ዛሬ ቢጀመር እንኳ የሚሞላው ጥር 14 ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ።

ስለዚህ የልጆቹን የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ጠብቁ። ለፋሲካ አታድርጉት፤ በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ መንገዱ ይጨቀያል። በጥር መጨረሻና በየካቲት ግን አገሩ ደረቅ ነው። ያኔ ማርበርግ አብቅቶ ከሆነ ቅዳሜ የጂንካን ገበያ፣ ሐሙስ የቀይ አፈርን ገበያ ልጆቹ ያያሉ፤ አማትሽም የሚሳሙትን ሁሉ ይሳሙ።

አርባ ምንጭን ለምን እንደማልሰርዘው ልንገርሽ። እዚያ የምታርፉት ሆቴል ነው፤ የምትጠይቁት ዘመድ የለም፤ በአውሮፕላን በቀጥታ ትደርሳላችሁ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወርዳችሁ አዞ ገበያን ማየት፣ ዶርዜ ወጥታችሁ የቀርከሃ ቤቶቹን ማየትና ቆጮ መብላት ለልጆች ትልቅ ነገር ነው። ወባው ግን እዚያም አለ፤ ስለ ትኩሳቱ የጻፍኩትን ለአርባ ምንጭም በከፊል አስቢው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ፣ ከምሽት በፊት ልጆቹን ረጅም እጅጌ አልብሺ፣ ፀረ ትንኝ ቅባት ያዢ። ለመነሣት ሁለት ቀን ሲቀራችሁ የጤና ሚኒስቴርን መግለጫ ተመልከቺ፤ 952 ወይም 8335 ብትደውዪም በነጻ ይነግሩሻል። በሽታው ከጂንካ ከተማ ውጭም ስለ ታየ፣ አርባ ምንጭ ስሟ ከተነሣ ያለ ክርክር ቅሩ። ያኔ ወንጪ አለላችሁ፤ ደጋ ስለሆነ ወባ አያሰጋም፣ ሐይቁና ፈረሱም ልጆቹን ያስደስታል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከቢሮዬ ያየሁት ይህ ነው፦ ብዙ የሚያጣው በሰዓቱ ሳይደውል የቀረ ሰው ነው። በረራው ሳይነሣ ቀን ለማስቀየር የሚከፈለው፣ ሳትመጪ ቀርተሽ ከምታጪው በጣም ያንሳል። አርባ ምንጭ ላይ የምትቀንሱት ሌሊት ካለ፣ ሆቴሉ ጋ ስትደውዪ ደግሞ «ቀብዳችንን መልሱልን» ብለሽ አትጀምሪ። «የጂንካው ጉዞ ስለ ተዛወረ የአንዱን ሌሊት ክፍያ ለየካቲት ያዙልን» በይ። እምቢ የሚል ባለ ሆቴል ያጋጠመኝ ጥቂት ነው። ጂንካ ውስጥ አስጎብኚ ወይም መኪና ይዛችሁ ከሆነም እንዲሁ አድርጉ። ለእነዚህ ሰዎች ገና የዓመቱ ዋና የሥራ ጊዜ ነው፤ ዘንድሮ ስልካቸው የሚጮኸው ለስረዛ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀብዱን እዚያው ትታችሁ ቀኑን ብቻ ብታዛውሩ ለአንድ ቤተሰብ የበዓል ወጪ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «እንግዲያው አክስታችንን ወደ አርባ ምንጭ እናምጣቸው» የሚል ሐሳብ ከቤታችሁ መነሣቱ አይቀርም። እኔም ለወንድሜ ቤተሰብ አስቤው ነበር። እሳቸው ደኅና ከሆኑና ከታማሚ ጋር ካልተገናኙ የሚከለክላቸው የለም። ነገር ግን ጎረቤታቸው ወይም ዘመዳቸው ታሞ እሳቸውም በክትትል ላይ ካሉ፣ 21 ቀናቸውን ሳይጨርሱ ከቦታቸው መነሣት የለባቸውም፤ በስልክ ደግሞ ይህን ላያነሡላችሁ ይችላሉ። ቢቆዩ ይሻላል። ለበዓሉ ብር በቴሌብር ላኩላቸው፤ ለአማትሽም ጉዞው መዛወሩን እንጂ መቅረቱን አትንገሪያቸው፣ እውነቱም ይኸው ነው። አዲሱን ቀን አስቀድመሽ ቁረጪና ቀኑን ይዘሽ ንገሪያቸው፤ ትልልቅ ሰዎች «እናያለን» ሲባሉ ነው የሚከፋቸው።

ከውጭ ለበዓል ለመምጣት አስባችሁ ይህን ለምታነቡ ደግሞ፣ የመመለሻውን መንገድ አስቀድማችሁ አጣሩ። በ2017ቱ የሩዋንዳ ወረርሽኝ ጊዜ በ21 ቀናት ውስጥ ሩዋንዳ የነበሩ መንገደኞች ወደ አሜሪካ መግባት የሚችሉት በዋሽንግተን ደለስ፣ በኒው ዮርክ ጆን ኤፍ. ኬኔዲና በቺካጎ ኦሄር በኩል ብቻ ነበር፤ ይህን ሳያውቁ ሌላ ትኬት የያዙ ሰዎች ጉዞ ተመሰቃቅሏል።

እህቴ፣ የጂንካው ትኬት ለብቻው የተቆረጠ ነው ወይስ ከአርባ ምንጩ ጋር በአንድ ላይ? በአንድ ላይ ከሆነ አንዱን በረራ ሳትሳፈሩ መቅረት የመመለሻውንም ሊያሰርዝባችሁ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ትኬቱን ወደቆረጣችሁበት ቢሮ ደውዪና መልሳቸውን ጻፊልኝ።